ኡቡንቱ፣ ዊንዶውስና ማክ በአንድ ኔትወርክ፦ የሳምባ ፓስወርድ አይቀበልም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11፣ ኡቡንቱና ማክ በአንድ ራውተር ላይ አሉ። ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎች ከሦስቱም መከፈትና መታረም አለባቸው። ኤክስተርናል ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት) ስለሆነ ማኩ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ኡቡንቱ ላይ ሳምባ (ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም) ተጭኖ ፎልደሩ ሼር ተደርጓል፤ ዊንዶውሱ ግን የኡቡንቱን ፓስወርድ ቢሰጡትም አልቀበል ይላል። ዲስኩን ልቀይር ወይስ ኔትወርኩን ላስተካክል? የምታውቁ እስኪ።

መልስ 1
ሁለቱ የተለያየ ጉዳይ ነው። ዲስኩ ከማሽን ማሽን የሚዞር ከሆነ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠህ በኤክስፋት ፎርማት አድርገው። ዊንዶውስና ማክ ያለ ምንም ጭማሪ ይጽፉበታል፤ ሊኑክስም (የኡቡንቱ መሠረት) ከከርነል፣ ማለትም ከዋናው እምብርቱ፣ 5.4 ወዲህ በውስጡ አለው። ፋት 32 አይሆንህም፤ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። ፎርማቱን ማኩ ላይ ከሠራኸው በስኪም (የዲስኩ አከፋፈል) ምርጫው ጂዩአይዲ መሆኑን አረጋግጥ፤ የድሮው የአፕል ፓርቲሽን ማፕ ከሆነ ዊንዶውስ አያነበውም። ኤክስፋት ጆርናል (ጽሑፍ ሲቋረጥ ዲስኩን ከመበላሸት የሚጠብቅ መዝገብ) ስለሌለው ኢጀክት ሳታደርግ አትንቀለው።

መልስ 2
ሦስቱም ቀን ሙሉ የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ዲስክ ማዞሩ ድካም ነው፣ ሳምባውን አስተካክል። የፓስወርዱ ችግር የታወቀ ነው፦ ሳምባ የኡቡንቱን መግቢያ ፓስወርድ አያይም፣ የራሱ መዝገብ አለው። ዩዘሩ ኡቡንቱ ላይ ቢኖርም በሳምባው የፓስወርድ ትዕዛዝ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ከዚያ ዊንዶውሱ ላይ ክሬደንሻል ማኔጀር ገብተህ የተቀመጠውን የቀድሞ ፓስወርድ አጥፋ፤ አለዚያ አሮጌውን ደጋግሞ ይልካል።

«ያለ ፓስወርድ በእንግዳ ይግባ» የሚል ምክር ካየህ እለፈው። የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 እትም በነባር ቅንብሩ ሼር ላይ በእንግዳነት አይገባም። ኤስኤምቢ 1ን (የድሮውን የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል) መልሰህ አብራ የሚልህንም አትስማ፤ የተዘጋው ለደህንነት ነው።

አሁንም ማሽኑ ጭራሽ ካልተገኘ ስሙን ትተህ በአይፒ አድራሻው ሞክር። በአይፒም ካልሆነ የኡቡንቱ ፋየርዎል ሳምባ የሚጠቀምበትን ፖርት 445ን ዘግቶ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ማሽን የራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ነው፤ እዚያ ያሉት ብዙ ጊዜ እርስ በርስ አይተያዩም።

ጠያቂ
ፓስወርዱ ሠርቷል፣ ተባረክ! ለዊንዶውሱና ለማኩ የተለያየ ዩዘር ተከፍቷል። አንዱ የጻፈውን ግን ሌላው ከፍቶ ማረም አይችልም።

መልስ 2
ያ የሳምባው ነባር ፈቃድ ነው (ቁጥሮቹ ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል ይወስናሉ)፦ አዲስ ፋይል በ0744፣ አዲስ ፎልደር በ0755 ይፈጠራል፤ ሁለቱም ለግሩፑ መጻፍን አይፈቅዱም። ሁለቱን ዩዘሮች አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባ፣ ፎልደሩን ለግሩፑ ስጥ፣ የፎልደሩን ፈቃድ 2775 አድርግ። ፊተኛው 2 ውስጡ የሚፈጠረው ሁሉ ግሩፑን እንዲወርስ ያደርጋል። በሼሩ ማዋቀሪያም የፋይል ማስኩን (የአዲስ ፋይል ፈቃድ ገደቡን) 0664፣ የፎልደሩን 2775 አድርገህ ሳምባን እንደገና አስነሳ። ከዚህ በፊት የተጻፉት ግን በራሳቸው አይቀየሩም፤ የእነሱን ግሩፕና ፈቃድ ከተርሚናል አንድ ጊዜ አስተካክል።

መልስ 3
የፋይል ስሞቹንም ተመልከት። ሊኑክስ ላይ ሰዓት ለመጻፍ 3:30 ብለህ ሁለት ነጥብ ካስገባህ ዊንዶውስ ያንን ምልክት በስም ውስጥ ስለማይፈቅድ ሳምባ ስሙን አዛብቶ ያሳየዋል። የጥያቄ ምልክትና ኮከብም እንዲሁ።

በአማርኛ ለምትሰይም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኤክስት 4 (የኡቡንቱ የተለመደው የፋይል ሥርዓት) ለአንድ ስም 255 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበት ኮድ) 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ይሞላል። ኤንቲኤፍኤስ ግን የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ እስከ 255። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ያለችግር የተቀመጠ ረጅም ስም ወደ ሼሩ ሲገለበጥ እንቢ ይላል፤ ስሙን አሳጥረህ ድገመው።