ክርክር፦ የጎዴው ማዳበሪያ ፋብሪካ የአደጋ ጥናት ለሕዝብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በነሐሴ 2017 ዓ.ም ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ምርቱ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ ለምርቱ የሚያስፈልገው የተፈጥሮ ጋዝ ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ መስኮች። ጥያቄው ይኸውላችሁ። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ከአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ሌላ ለብቻው የአደጋ ጥናት፣ ማለትም ፋብሪካው ቢፈነዳ ወይም መርዝ ቢያመልጥ ምን እንደሚደርስ የሚያሰላ ጥናት፣ ይጠየቅ? ቢጠየቅስ ሕዝብ ይየው? ስድብ የለም።

የአዳማ ልጅ፦ እኔ አይጠየቅ ባይ ነኝ። በ2015 ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ ወጥቶ ሲጮህ አይተናል። የምንጠቀመው ዩሪያ በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። አሁን አንድ ሰው ልሥራ ሲል ሌላ ወረቀት እንጨምርበት? የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ጀምሮ አለ። ዳንጎቴ ደግሞ ናይጄሪያ ሌኪ ላይ ይህንኑ የሚያህል የዩሪያ ፋብሪካ አለው። ሥራውን ያውቀዋል። እዚህ አገር አንድ ማኅተም በተጨመረ ቁጥር አንድ የጉቦ በር ይከፈታል። ይህን የማያውቅ አለ?

ቤይሩት የኖረች፦ ወንድሜ፣ እኔ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ቤይሩት ነበርኩ። ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት፣ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውል ኬሚካል፣ ለዓመታት ተከምሮ ነበር፤ ያን ቀን ፈነዳ። ከ200 ሰው በላይ ሞተ። ባለሥልጣናቱ ያውቁ ነበር፣ ደብዳቤ ሲጻጻፉበት ኖረዋል። በየሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ የአገርህ ልጆች ግን አጠገባችን ምን እንዳለ የነገረን አልነበረም። ማዳበሪያ የሚባል ነገር ስሰማ እስካሁን ይረብሸኛል።

ቧንቧው፦ እህቴ እንኳን ተረፍሽ። ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ላጥራ። ቤይሩት ላይ የፈነዳው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ጎዴ ይመረታል የተባለው ዩሪያ ነው፤ ዩሪያ እንደዚያ አይፈነዳም። ሁለቱን አንድ ካደረግን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ይበላሻል።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዩሪያ የሚሠራው አሞኒያ ከሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። ለአንድ ቶን ዩሪያ 0.57 ቶን ገደማ አሞኒያ ይፈልጋል። 3 ሚሊዮኑን አስሉት፤ በዓመት 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ይመጣል። በሰዓት ሲካፈል 200 ቶን ያህል ነው። አሁን የሴኔጋሏን ዳካር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኦቾሎኒ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ አንድ የአሞኒያ ታንከር ፈነዳ። የያዘው 22 ቶን ብቻ ነበር። 129 ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተጎዳ። የአሞኒያ ጋዝ ከአየር ይቀላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፈሳሹ በድንገት ሲለቀቅ ቀዝቃዛ ነጭ ደመና ሆኖ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

የአዳማ ልጅ፦ ቆይ እንጂ። አሞኒያው እዚያው ወደ ዩሪያ አይቀየርም? በሰዓት 200 ቶን ተመረተ ማለት 200 ቶን ተከማቸ ማለት አይደለም። ሰው አታስፈራራ።

ቧንቧው፦ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ጥናቱን የምፈልገው። በመጠባበቂያ ታንኩ ስንት ቶን ይቀመጣል? ታንኩ ባለ አንድ ግድግዳ ነው ባለ ሁለት? ቧንቧ ቢበጠስ ቫልቩ በስንት ሰከንድ ይዘጋል? ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወዴት ነው? የሠራተኛ መኖሪያው በየት በኩል ይሁን? እነዚህ በወረቀት ላይ ሳሉ መልሳቸው ርካሽ ነው፤ ታንኩን ታሳንሳለህ፣ ካምፑን ታዞራለህ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ምን ታደርጋለህ? የተለመደው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አተኩሮ የሚያየው ፋብሪካው በደህና ቀን ምን እንደሚለቅ ነው። ጭሱን፣ ፍሳሹን፣ አቧራውን። የክፉ ቀኑን ስሌት ብዙ ጊዜ በሁለት አንቀጽ ያልፈዋል።

የፍራንክፈርቷ፦ አውሮፓም በመከራ ነው የተማረው። ጣሊያን ሴቬሶ አካባቢ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1976 ከአንድ ፋብሪካ ዲዮክሲን የሚባል መርዝ አምልጦ ወጣ። ሰው ከቤቱ መውጣት የጀመረው ከ16 ቀን በኋላ ነው! የአውሮፓ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 መጣ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተካ። ዛሬ 200 ቶንና ከዚያ በላይ አሞኒያ የሚይዝ ድርጅት ሥራ ሳይጀምር የደህንነት ሪፖርት ያቀርባል። ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይከልሰዋል። ጎረቤቱ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይነገረዋል። ለጸጥታ የሚያሰጋ ዝርዝር ሊሸፈን ይችላል፣ ዋናው ነገር ግን ይወጣል። ፋብሪካዎቹም በዚህ ምክንያት አልተዘጉም።

የአዳማ ልጅ፦ እሺ፣ የሕንዷን ቦፓል የፀረ ተባይ ፋብሪካ እናንሳ። የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ፋብሪካውን ፈትሸው ጉድለቱን በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ 40 ቶን ገደማ መርዝ ወጣ፣ ሺዎች በእንቅልፋቸው አለቁ። የማቀዝቀዣው መሣሪያ ጠፍቶ ነበር። ጥናቱ ምን አዳነ?

የፍራንክፈርቷ፦ ያንን ጽሑፍ ማን አየው? ኩባንያው። በአጥሩ ሥር የሚኖረው ሕዝብ አላየውም። እኔ ይፋ ይውጣ የምለው ለዚህ ነው። የተሸሸገ ጥናትና ያልተሠራ ጥናት ለጎረቤቱ አንድ ናቸው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ፈቃድ ከሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። አንዴ የቆዳ ፋብሪካ ሪፖርት ቀረበልኝ። ሳነበው መሀል ላይ «የአበባ እርሻው» ይላል። አማካሪው ከሌላ ደንበኛ ገልብጦ ስሙን መቀየር ረስቶታል! ማኅተሙ ግን ሙሉ ነበር።

ስለዚህ የአዳማው ልጅ የሚለው አይናቀም። እኔ ከይፋ መውጣቱም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ለአጥኚው የሚከፍለው ማን ነው? በአዋጁ ባለፕሮጀክቱ ነው አማካሪ የሚቀጥረው። አማካሪውም ነገ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ «አይሆንም» ብሎ ከጻፈ ማን ይጠራዋል? የቻይናዋን ቲያንጂን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአደገኛ ኬሚካል መጋዘን ፈንድቶ 173 ሰው አለቀ ወይም ደብዛው ጠፋ። መጋዘኑ የደህንነት ግምገማ ነበረው። በኋላ ፍርድ ቤት ከቀጣቸው መካከል የግምገማው ድርጅት ሠራተኞች ይገኙበታል፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ሰጥተዋል ተብለው። ባለሀብቱ ገንዘቡን ለባለሥልጣኑ ይክፈል፣ ባለሥልጣኑ አጥኚውን ይምረጥ፣ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ይገምግመው። ይህ ከሌለ ሪፖርቱ ይፋ ቢወጣም የአበባ እርሻ ነው።

የአዳማ ልጅ፦ ጋሼ፣ ባለሥልጣኑ ይምረጥ ካሉ የመረጠው የዘመዱን ልጅ ቢሆንስ?

ጡረተኛው፦ ሊሆን ይችላል። ለዚያም ነው ይፋ መውጣቱን የማልቃወመው።

የዋቤ ልጅ፦ ከጎዴ ነኝ። ፋብሪካውን እንፈልገዋለን፣ ይህን አስምሩበት። ሥራ የለም፣ ድርቁን ታውቁታላችሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይፋ ይውጣ ስትሉ በየትኛው ቋንቋ ነው? እንዲህ ያለ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አባቴ የሚያውቀው ሶማሊኛ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ፣ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ሕዝቡ ሐሳቡን ይሰጣል ይላል። ያላነበበው ነገር ላይ ምን ሐሳብ ይስጥ? ሌላም አለ። ሥራ ፈላጊው ይመጣል፣ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሩ ሥር ሰፈር ይቆማል። ሰፈር የሚከለከልበት ዙሪያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ማን ያስከብረዋል? እረኛው ሳይረን ቢሰማ ግመሎቹን ወዴት ይንዳ? እኔ ከጥናቱ የምጠብቀው እነዚህን ነው።

ቧንቧው፦ ነፋሱን ወደ ጎን አቋርጦ መሄድ አለበት። አየህ፣ ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድማ መነገር ነበረባት።

የአዳማ ልጅ፦ እሺ፣ እንደራደር። ጥናቱ ይኑር፣ ማጠቃለያው ይውጣ። የጊዜ ገደብ ግን ይኑረው። መንግሥት በ90 ቀን መልስ ካልሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠር።

የፍራንክፈርቷ፦ ዝምታ ማጽደቅ ነው የሚለው ለሻይ ቤት ፈቃድ ይሆናል። ለአሞኒያ አይሆንም። ገደቡ ካለፈ ኃላፊው ይጠየቅ እንጂ ፋብሪካው እንዴት ያልፋል?

የዋቤ ልጅ፦ 90 ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው ሰነዱ በሶማሊኛ ከወጣበት ቀን ከሆነ በገደቡ እስማማለሁ። ዝም ከተባለ ጸድቋል በሚለው ግን አልስማማም።

የአዳማ ልጅ፦ የትርጉሙን ገንዘብ ማን ይከፍላል?

ጡረተኛው፦ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ አይጠፋም ልጄ።

የአዳማ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነው። 90 ቀኗን ግን አልለቅም።