በኮሜንት ልንገራቸው ወይስ በውስጥ መስመር?

የደብረ ሲና ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ላይ ትንሽ ቻናል አለችኝ። እዚያው የተዋወቅኳቸው አንድ ጸሐፊ አሉ። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። በአካል ተገናኝተን አናውቅም፤ የምጽፈውን ግን ሳይታክቱ ያነቡልኛል፣ ያበረታቱኛል።

አሁን በየሳምንቱ በክፍል በክፍል የሚያወጡት ታሪክ አለ። የሚካሄደው እኛው አገር ነው። ልጁ ከደብረ ብርሃን መኪና ተሳፍሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። መጀመሪያ ደብረ ሲና ደርሶ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ ቆሎውን እየቆረጠመ የጣርማበርን ዋሻ ያልፋል። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው ዋሻው ነው የሚቀድመው። ዋሻውን አልፈህ፣ ቁልቁለቱን ተጠማዝዘህ ወርደህ ነው ደብረ ሲና የምትገባው። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ የልጁ እናት ጓሳ አናት ላይ ጤፍ ታጭዳለች። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ውርጭ አገር ነው። እዚያ ዙሪያ ገብስ ነው እንጂ ጤፍ አይታሰብም።

ታሪኩ ግን ያምራል። እናቲቱ ልጇን ስትሸኝ ምንም ሳትናገር የጋቢውን ጫፍ ደጋግማ የምታስተካክልበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ።

ከስር ያለው ኮሜንት ሁሉ «ብዕርዎ አይንጠፍ»፣ «ምርጥ»፣ አበባ፣ ጭብጨባ ነው። በዚህ መሐል ብቻዬን ስህተት ይዤ ብቅ ማለት ከበደኝ። ዝም እንዳልል ደግሞ ታሪኩ ሲያልቅ ሊያሳትሙት እንዳሰቡ ነግረውኛል። የት ልንገራቸው? እንዴትስ?

ሁለተኛም አለኝ። አንዲት እኩያዬ የሆነች ጸሐፊ «ያንተን ሁሌ ሼር አደርጋለሁ፣ አንተ ግን የእኔን አንድ ቀን አላደረግክም» ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው፣ አላደረግኩም። ጽሑፏ ስላልያዘኝ ነው። ምን ልበላት?

ከአረርቲ

ወንድሜ፣ በውስጥ ጻፍላቸው። ታላቅን ሰው በሰው ፊት ማረም በእኛ አገር ነውር ነው፤ ስልክ ላይ ስለሆነ ነውርነቱ አይቀርም። ለልጅቷ ደግሞ አንዴ ሼር አድርግላትና ነገሩ ይብረድ።

መምህርት ከመሐል ሜዳ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ወይ አበባ ልኮ ያልፋል፣ ወይ ሰውን በሰው ፊት ያዋርዳል። አንተ ግን ቆም ብለህ ጠየቅክ። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ በስልካቸው የሚያወጡትን ግጥምና ታሪክ ስለማነብላቸው ይህ ጉዳይ በጣም ያስጨንቀኛል። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አንዲት ተማሪዬ እናቷ የበግ ጸጉር ስትፈትል እያየች ያደገች ናት። ስለዚያ ግጥም ጻፈችና ለጠፈች። የመጀመሪያው ኮሜንት «ይሄ ግጥም አይደለም» የሚል ነበር። አለቀ። ምኑ እንዳልሆነ፣ የቱ ጋ እንዳልሆነ የለም። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቢሮ መጣችና «መምህርት፣ ላጥፋው?» አለችኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው፣ የማናውቀው፣ በውስጥ ጻፈላት። «ሦስተኛው ስንኝ "ባና" ብሎ ያበቃል፣ አራተኛው ግን ቤት አይመታም። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ራስሽ ትሰሚዋለሽ። እንዝርቱ መሬት ሲነካ ያለውን ድምፅ ያመጣሽበት ስንኝ ግን እንዳትነኪው።» ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተን ጮክ ብላ አነበበችው። ሰማችው። ያንኑ ዕለት ማታ አስተካከለችው።

ሁለቱም ሰዎች ግጥሙን አልወደዱትም ይሆናል፤ እሱ አይደለም ቁም ነገሩ። ሁለተኛው ሰው አንብቧል። የቱ ስንኝ እንደሆነ ጠቅሷል። መፍትሔውን ራሱ ጽፎ አልሰጣትም፣ ጆሮዋን እንድታምን ነው ያደረጋት። የማይነካውንም ነግሯታል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጸሐፊ ሲደነግጥ ጥሩውንም አብሮ ይሰርዛል።

ወደ አንተ ልምጣ። የዋሻውና የጤፉ ነገር የጣዕም ጉዳይ አይደለም። መንገዱ እዚያው አለ፣ ሄዶ ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ስትናገር «ይመስለኛል» እያልክ አትሸፋፍን፣ ቀጥ አድርገህ ተናገር። የጣዕም ነገር ሲሆን ደግሞ «ለእኔ» በል። «ለእኔ ይህ ክፍል ረዘመብኝ» ማለትና «ይህ ክፍል ረዝሟል» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው።

የት ይነገር ላልከው፣ ቦታው ራሱ ይለያያል። ዋትፓድ በሚባለው የታሪክ መድረክ አንቀጹ ላይ ተጭነህ እዚያው ኮሜንት መጻፍ ትችላለህ፤ ከኋላህ የሚመጣው አንባቢ ግን ታሪኩ መሐል ያንተን እርማት ያገኛል። ገና ልቡ በእናቲቱ ሐዘን ተይዞ ሳለ «ጤፍ አይበቅልም» የሚል ሲያነብ አስበው። ሚዲየም በሚባለው የጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ለጸሐፊው ብቻ የሚታይ ማስታወሻ መተው ይቻላል፤ ለፊደል ግድፈትና ለእንዲህ ያለው እርማት እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ቴሌግራም ላይ እንዲያ የለም። ግን የውስጥ መስመር አለ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከረጅም ጽሑፍ የምትፈልገውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥለህ እሱን ጠቅሰህ መመለስ ይቻላል። ዓረፍተ ነገሩን ቆርጠህ ላክላቸው፤ «የሆነ ቦታ ላይ» እያልክ አታንከራትታቸው።

ስለዚህ እርማቱን በውስጥ፣ የጋቢውን ነገር በአደባባይ። የወደድከውን በግልጽ ጻፍ፣ ለምን እንደወደድከውም ጻፍ። «ብዕርዎ አይንጠፍ» ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደግሞ አይጠላም፤ ግን ጸሐፊው ምኑ እንደሠራለት አይነግረውም። ጋሼህ ከዚያ ሁሉ አበባ ይልቅ «የጋቢው ጫፍ» የምትለዋን ሁለት ቃል ይወስዳሉ።

አታድርግ የምለው ደግሞ አለ። አንዱ ጉዳይ መጨረሻውን መምከር ነው። በክፍል የሚወጣ ታሪክ ገና ያላለቀ ነው፤ «ልጁ ባይመለስ ይሻላል» እያልክ ታሪኩን አትንጠቃቸው። ሌላው የሰውን ጽሑፍ «አስተካክዬዋለሁ» ብሎ በራስ ቻናል ማውጣት ነው። ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። ነውርነቱ ሳያንስ በሕግም የጸሐፊው መብት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት ይሰጠዋል። እዚያው ላይ በብዕር ስም የመጠቀም መብትም አለ። ይህን የምጠቅሰው ትውውቅ ለማሳየት ብለው «አይ አንተ እገሌ፣ በርታ» ብለው የጸሐፊውን እውነተኛ ስም ኮሜንት ላይ የሚጽፉ ስላሉ ነው። ሰውየው ስሙን የደበቀበት ምክንያት ይኖረዋል። ሥራ ቦታው ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰቡ ሊሆን ይችላል። አንተን አይመለከትህም።

ለእኩያህ «ከአረርቲ» ያለው ላይ አልስማማም፣ ይቅር ይበለኝ። ያልወደድከውን ሼር አታድርግ። አንተን አምኖ ሊንኩን የሚከፍት ሰው አለ። ሼር እንደ ዕቁብ ተራ እየጠበቀ የሚወጣ ከሆነ ማንም ማንን አያነብም። ይልቅ አንድ ጽሑፏን ከልብህ አንብብና የያዘህንና ያልያዘህን ቦታ ጻፍላት። ሼር ከማድረግ ይበልጣል። «አይ እኔ የፈለግኩት ሼር ነው» ካለችህ ያኔ ታውቃለህ።

ከሸዋ ሮቢት

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ላይ እለያለሁ። ሁሉም እርማት ወደ ውስጥ መስመር ከገባ እኛ ጀማሪዎቹ ከየት እንማር? እኔ መጻፍ የተማርኩት የሌላ ሰው ጽሑፍ ስር ሁለት ጎበዞች ሲከራከሩ እያነበብኩ ነው። «እዚህ ጋ ገጸ ባሕርይው ራሱን አይመስልም» ሲሉ ለካ እንዲህ ነው የሚታየው አልኩ። በውስጥ ቢነጋገሩ ኖሮ ዛሬም አላውቀውም ነበር።

ደግሞ አስቡት። ቻናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ወዲያው ፎርዋርድ ይደረጋል። ጸሐፊው የራሱን ቢያስተካክልም ፎርዋርድ የተደረገው እንደነበረ ይቀራል፣ አይቀየርም። እኔ የምኖረው ቆላው ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ስለ እኛ የሚያውቀው ከታሪክ ባነበበው ነው። ተራራው አናት ላይ ጤፍ ሲታጨድ ካነበበ ያንኑ ይዞ ይሄዳል።

የቅኔ ተማሪ የነበረ፣ ከአንኮበር

ልጨምር። ቅኔ ቤት ሳለን ተማሪው ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። ሌሎቹ ተማሪዎች እየሰሙ መምህሩ ያርሙታል። አንዳንዴ ከራሱ እስከ እግሩ ይፈርሳል። ማንም አይቀየምም፤ ሊታረም ነው የመጣው፣ ከቤቱ ወጥቶ ስንቁን ለምኖ የሚማረው ለዚሁ ነው። ሌላው ተማሪም ከጓደኛው እርማት የራሱን ይማራል። ወንድማችን ከሸዋ ሮቢት ያለው እውነት ነው።

ነገር ግን እዚያ መምህሩ ማን እንደሆኑ፣ ተማሪው ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ጽሑፉን ለጥፎ ቁጭ ያለ ሰው ግን ለመታረም ይሁን ለመነበብ ብቻ አናውቅም። መጠየቅ ነው። «አስተያየት ላቅርብ? እዚሁ ወይስ ለብቻዎ?» በቃ። ሰውየው «እዚሁ» ካለ እንደ ቅኔ ቤቱ ሁሉም ይሰማ።

ተቀባዩም ድርሻ አለው። እርማት ሲነገረው «እኔ ለማለት የፈለግኩት» እያለ የሚያብራራ ሰው አስተያየት ሰጪውን ያደክማል። የፈለገው ነገር ጽሑፉ ውስጥ ካልታየ በኮሜንት አይሞላም። ጥያቄ ካለው ይጠይቅ፤ ከሌለው አመስግኖ ይደር፣ ጠዋት ያስተካክል ወይም ይተወው። መተውም መብቱ ነው። ሰባት ሰው ሰባት ነገር ቢል ሁሉንም ሊሰማ አይችልም።

መምህርት ከመሐል ሜዳ

ከሸዋ ሮቢት የጻፍክልን፣ የፎርዋርዱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። እንዲህ ብናደርገውስ? በመጀመሪያ ለጸሐፊው በውስጥ ይነገር። እሱ ካመነበት ራሱ በሚቀጥለው ክፍል መግቢያ ላይ «ባለፈው ክፍል መንገዱን አዛብቼ ነበር፣ አንባቢ አርሞኛል» ብሎ ይጻፍ። ሁሉም ይማራል፣ ሰውም አይዋረድም። የአንድን ሕዝብ ወይም የአንድን ሰው ስም የሚያጎድፍ ሐሰት ከሆነ ግን እኔም ውስጥ መስመር አልጠብቅም፤ እዚያው ስሩ እጽፋለሁ፣ በጨዋ ቃል።

የቅኔ ተማሪው ያሉት መጠየቅ ደግሞ ሁሌም ይሠራል። ከዛሬ ጀምሮ ለተማሪዎቼ እሱን ነው የምነግራቸው።

የደብረ ሲና ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የጋቢውን ነገር ኮሜንት ላይ ጻፍኩ። ለጋሼ በውስጥ የምልከው ይሄ ነው፤ እዩልኝ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይቅርታ፣ እኔ ከእርስዎ የምበልጥ ሆኜ ሳይሆን፣ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆንም ይችላል፣ ግን አንድ ሁለት ነገር አስተዋልኩ። ታሪኩን ሊያሳትሙት ስላሰቡ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲወርዱ የጣርማበር ዋሻ ከደብረ ሲና ይቀድማል፤ ስለዚህ ልጁ ቆሎውን ከዋሻው በኋላ ቢገዛው። ጓሳ ላይ ደግሞ ጤፍ አይበቅልም፣ ገብስ ነው። በነገራችን ላይ መጨረሻው ላይ እናቲቱ ባትሞት ደስ ይለኛል።»

መምህርት ከመሐል ሜዳ

ጥሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን «ይቅርታ፣ የምበልጥ ሆኜ ሳይሆን፣ ምናልባት ተሳስቼ» የሚለውን አውጣው። አልተሳሳትክም፣ ዋሻው እዚያው ነው። በምትኩ «ሁለት ነገር አስተውያለሁ፣ ልንገርዎት?» በልና መልሳቸውን ጠብቅ። «ቢገዛው» የምትለውንም ተው፤ የመንገዱን ቅደም ተከተል ንገራቸው፣ ቆሎውን የት እንደሚገዛ እሳቸው ያውቃሉ። ምናልባት ልጁ ሳይገዛ ሊያልፍ ይችላል። የእናቲቱን ሞት የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሰርዘው፤ ገና አልሞተችም። ቀጣዩ ክፍል ከመውጣቱ በፊት እንዲደርሳቸው ዛሬውኑ ጻፍላቸው።