ክርክር፦ ሠራተኛ የሚማረው በማን ሰዓት ነው?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ክርክር የቀሰቀሰችው ሞካሪዋ ናት፤ ሥራዋ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ቡድኗ የሚሠራው አጃይል በሚባለው የሶፍትዌር አሠራር ነው፤ ሥራውን ስፕሪንት በሚባሉ የሁለት የሁለት ሳምንት ዙሮች ቆራርሶ። አዲስ የሶፍትዌር መፈተሻ መሣሪያ እንድትማር ታዘዘች። "በየትኛው ሰዓት?" ብላ ጠየቀች። "ሲመችሽ" ተባለች። ጥያቄያችን ይኸው፦ እንዲህ የሚሠራ መሥሪያ ቤት የመማሪያ ሰዓቱን ከስፕሪንቱ ላይ ቀንሶ መስጠት አለበት? ወይስ ራስን ማብቃት የሠራተኛው የቤት ሥራ ነው? ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሐሳቡን ምቱ፣ ሰውየውን ተዉት።

ሞካሪዋ፦ አመሰግናለሁ። "ሲመችሽ" የተባለው ሰዓት እስካሁን አልመጣም። እንደማይመጣም ያዘዘኝ ሰው ያውቃል፤ ስፕሪንቱ ሲታቀድ ሰዓቴ በሙሉ ለካርዶች፣ ቦርድ ላይ ለሚለጠፉት ሥራዎች፣ ሲደለደል አብሮን ተቀምጦ ነበር። ቡድናችን ውስጥ አንድ የምትወደድ አባባል አለች፦ "ቦርዱ ላይ ያልተለጠፈ ሥራ፣ ሥራ አይደለም።" ትምህርቱ ቦርዱ ላይ የለም። ስፕሪንቱ ሲያልቅ አሠራራችንን የምንገመግምበት ስብሰባ፣ ሬትሮ ላይ፣ ስንቀመጥ ግን "እስካሁን ለምን አልጀመርሽውም?" ተባልኩ። ታዲያ ሥራ ነው ወይስ አይደለም? አንዱን ምረጡልኝ።

ቲም ሊዱ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የምመራው ቡድን ስድስት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ በሳምንት አራት ሰዓት ልስጥ እንበል። በሳምንት 24፣ በስፕሪንት 48 ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከሚሠራው ይበልጣል። ደንበኛው የሚከፍለው ለምርቱ ነው፣ ለኛ ትምህርት አይደለም። ደግሞ ይህ ሙያ ነው። እኔ ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ማታ ማታ ነው፤ ማንም ሰዓት አልቀነሰልኝም። ሌላም አለ፣ ሁላችሁም በልባችሁ ያላችሁት። ሰው ታሠለጥናለህ፣ በስድስተኛው ወር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ውልቅ ይላል። ለተፎካካሪዬ ሠራተኛ ሳዘጋጅ ልክረም እንዴ?

የድሮ ኮደር፦ ልጄ፣ "እኔ ማታ ነው የተማርኩት" የምትለዋን እኔም ለብዙ ዓመት ስላት ኖሬያለሁ። ያኔ ልጅ አልነበረኝም። የማስታምመው ወላጅም አልነበረኝም። ማታ የሚማረው ማታ ያለው ሰው ነው።

ወደ ነገሩ ልምጣ። አጃይል ስንል ከየት እንደመጣ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ሰዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ ተሰብስበው የአጃይልን መግለጫ፣ ማኒፌስቶውን፣ ጻፉ። ከሱ ጋር 12 መርሆች አሉ። አንዱ፣ ሥራው ሳይቋረጥ ሊዘልቅ በሚችል ፍጥነት ይሂድ ይላል። ሌላው፣ ለቴክኒክ ብቃትና ለጥሩ ዲዛይን ዘወትር ትኩረት ስጡ ይላል። ቀን ሠርቶ ማታ መማር የመጀመሪያውን ያፈርሳል። ጭራሽ አለመማር ደግሞ ሁለተኛውን። ከአጃይል አሠራሮች አንዱ የሆነው የስክረም መመሪያም፣ እ.ኤ.አ. የ2020ው፣ ቡድኑ ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ሁሉ በጋራ እንዲኖረው፣ የጎደለውንም እየተካፈለ ወይም እየቀሰመ እንዲሄድ ይጠብቃል። "ቡድኑ" ነው የሚለው። "እያንዳንዱ በየቤቱ" አይልም።

ቲም ሊዱ፦ ጋሼ፣ መርሁን አልካድኩም። መመሪያው ግን ለትምህርት ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አይናገርም። በየቀኑ ለሚደረገው አጭር ስብሰባ፣ ለዴይሊው፣ 15 ደቂቃ ብሎ ቆርጧል። ለሬትሮ፣ ስፕሪንቱ የአንድ ወር ከሆነ፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት። ትምህርት ላይ ሲደርስ ዝም ነው። ዝም ያለውን እኛው ነን የምንሞላው። እኔ ደግሞ ዴድላይን አለብኝ።

የሥልጠና በጀት ያዧ፦ እኔ ሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ሁለታችሁም ስለ ሰዓት ስትጨቃጨቁ፣ ሰዓቱ ምን ላይ እንደሚውል የጠየቀ የለም። ብዙ ጊዜ የሚውለው ወረቀት ላይ ነው። ለምሳሌ የታወቀውን የስክረም ማስተር (ቡድኑ ስክረምን እንዲከተል የሚያግዘው ሰው) ሰርተፊኬት ውሰዱ። በተለምዶ የሁለት ቀን ኮርስ ነው። ከዚያ በአንድ ሰዓት የሚመለስ 50 ጥያቄ። 37 ካገኘህ አለፍክ። በየሁለት ዓመቱ ታድሰዋለህ። ኮርሱ መጥፎ ነው አልልም። ግን ስንቱን ልኬ ስንቱን ተቀብያለሁ! ሰዉ በአዲስ ቃላት ይመጣል፣ ስብሰባው እንደ ድሮው ይቀጥላል።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ስለ መርሳት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከሸመደደው ሁለት ሦስተኛው ያህል ይጠፋበት ነበር። ደግሞ በአንዴ ከመሸምደድ ከፋፍሎ መደጋገም እንደሚሻልም ያኔውኑ አይቷል። እኛ ግን እስከዛሬ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ሰዉን ሰብስበን ሁለት ቀን እንግተዋለን። እኔ ራሴ ነኝ የምግተው፤ ማንንም አልወቅስም።

ፈርሜ የገባሁ፦ ስለ ሥልጠና ከተነሳ የኔን ስሙ። ድሮ የነበርኩበት ድርጅት አሠለጠነኝና "ሁለት ዓመት ሳትሞላ ከለቀቅህ ወጪውን ትመልሳለህ" የሚል ውል አስፈረመኝ። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። ቲም ሊዱ ሰው ይሄድብኛል ብሎ ከፈራ፣ እንዲህ ያለውን ገመድ ግን እንዳያስብ።

ሕግ አንባቢው፦ አጭር ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ቁጥሩ 2019/1152፣ አንቀጽ 13 ላይ አሠሪው በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት እንዲሰጥ የተገደደው ሥልጠና ለሠራተኛው ነጻ ይሁን፣ እንደ ሥራ ሰዓትም ይቆጠር ይላል። ከተቻለም በሥራ ሰዓት ይሁን። ልብ በሉ፣ የሚመለከተው ግዴታ የሆነውን ሥልጠና ነው። የሞካሪዋ ዓይነቱ "ተማሪ፣ ግን ቦርዱ ላይ የለም" የሚባለው በቀዳዳው ሊያመልጥ ይችላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ክልሎች ለሠራተኛ በዓመት አምስት ቀን የሚከፈልበት የትምህርት ፈቃድ ይሰጣሉ። እንግዲህ ነገሩ በሕግ የሚታሰብ ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል።

ጀማሪው፦ እኔ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ ኮርስም ስለ ፈቃድም አልናገርም። የኔ ችግር ሌላ ነው። ስፕሪንት ሲታቀድ ዳታቤዝ የሚነካ ካርድ ሁሌ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። ለምን? ያውቀዋላ! በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ለኔ ቢሰጥ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ አይሰጠኝም። ስለማይሰጠኝ አላውቅም። ስለማላውቅ አይሰጠኝም። ስምንት ወር ሙሉ የበተን ቀለም ስቀይር ከረምኩ፤ ትንሽ አጋንኜ ነው፣ ግን ትንሽ ነው።

ከዚያ ሰውየው ታሞ ቀረ። አራት ቀን። አንድ ካርድ "በሥራ ላይ" የሚለው ዓምድ ውስጥ እንደተሰቀለ ቆመ። የሚነካው ጠፋ። ስልክ እየደወልን ከአልጋው ላይ አስቸገርነው። ዴይሊው ላይ በየቀኑ ያችኑ "እሱን እየጠበቅን ነው" የምትል ዓረፍተ ነገር እንደጋግማለን። ከመታመሙ በፊት ከሱ ጋር ተቀምጬ አንድ ካርድ እንኳ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ኮርስ አልጠየቅኩም። ካርድ ነው የጠየቅኩት።

የድሮ ኮደር፦ ጎሽ! ይኸው ነገሩ። ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ይሥራ ያለው ለዚህም ጭምር ነው። ዕውቀቱ አንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዳይቆለፍ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይቀያየራሉ። ሥልጠና የሚል ስም እንኳ አያስፈልገውም።

ቲም ሊዱ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን ልስጥ። የታመመው ሰው ታሪክ እኔም ቤት ደርሷል። ካርድ ስደለድል ሁሌ "ቶሎ የሚጨርሰው ማነው?" ብዬ ነው የምጠይቀው። ያ ጥያቄ ሰውን እንደሚያደነዝዝ አላሰብኩትም ነበር። ግን ትምህርትን ካርድ አድርገን እንለጥፍ ካላችሁ፣ ምን ሲሆን ነው "አለቀ" የምንለው? "ሞካሪዋ መሣሪያውን ተማረች" የሚል ካርድ ማን ያረጋግጠዋል?

ሞካሪዋ፦ ለዚህስ መላ አለው። ስፓይክ የምንለው ምንድነው? ሰዓቱ ተገድቦ የማናውቀውን ነገር የምንመረምርበት ካርድ ነው። ውጤቱ ኮድ አይደለም፣ ማወቅ ነው። ስምንት ሰዓት ቢሰጠኝ ኖሮ መጨረሻ ላይ አንድ እውነተኛ ፈተና በመሣሪያው ጽፌ ባሳየሁ ነበር። የቀረውን እየሠራሁ እለምደው ነበር።

ባክሎግ ጠባቂው፦ ፕሮዳክት ኦውነር ነኝ፤ ምርቱ ላይ ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የምወስነው። እስካሁን ዝም ያልኩት እውነቱን ብናገር ስለምታኮርፉብኝ ነው። የትምህርት ካርድ ለጥፉ፤ ባክሎጉን፣ የሚሠራውን ሥራ ዝርዝር፣ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ምርቱ የሚለቀቅበት ቀን ሲቀርብ መጀመሪያ ወደ ታች የማወርደው ካርድ የትኛው ይመስላችኋል? ክፋት አይደለም። ደንበኛው ስልክ ላይ ሲጮህ ከሌሎቹ ካርዶች ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ትምህርት አላየሁም። ካልለጠፋችሁት ደግሞ የሁለት ቀኑን ሥራ ሦስት ቀን ትሉኛላችሁ። አንዷን ቀን በድብቅ ትማሩባታላችሁ። እሱን አውቃለሁ፤ የማላውቀው የትኛዋን ቀን እንደሆነ ነው።

የድሮ ኮደር፦ እንግዲያው ከካርዱ ጋር አታወዳድሩት። መጀመሪያውኑ ስታቅዱ ሳምንቱን 40 ሰዓት አትበሉት። 36 በሉት። አራቷ ሰዓት ለድርድር አትቀርብም፤ ባክሎጉም አያያትም።

ቲም ሊዱ፦ ጋሼ፣ አሁንም ያችው 48 ሰዓት ናት። በሌላ በር ገባች እንጂ።

የድሮ ኮደር፦ አዎ፣ ያችው ናት። ጀማሪው የተናገራቸውን አራት ቀናት ግን የቆጠራቸው የለም። እነሱንም ደምራቸውና ሒሳቡን እንደገና እንሥራው።

አወያይ፦ ለዛሬ ልዘጋው ነው። ሞካሪዋ፣ ጥያቄው ያንቺ ስለነበር የመጨረሻው ቃልም ያንቺ ይሁን።

ሞካሪዋ፦ መጨረሻዬን ልንገራችሁ። መሣሪያውን ተማርኩት፣ በሁለት ቅዳሜ። አሁን ቡድኑ ውስጥ እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት በነበረው እቅድ ላይ የፈተና ካርዶች ሁሉ ወደኔ መጡ። ለምን ብዬ ስጠይቅ "አንቺ ቶሎ ትጨርሺዋለሽ" ተባልኩ።