የጊት ሁክን ለቡድኑ ሁሉ እንዴት ላዳርስ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን ሶፍትዌር እንሠራለን። ሁለቱ ልጆች ኮምቦልቻ ናቸው። በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) ኮሚት ከመደረጉ፣ ማለትም ለውጡ ከመመዝገቡ በፊት፣ ራሱ እየሮጠ ኮዱን የሚፈትሽ ስክሪፕት (ሁክ) ጻፍኩና ዶት ጊት ውስጥ ያለው የሁክስ ፎልደር ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ጋ ቆንጆ ይሠራል። እነሱ ፑል ቢያደርጉ (አዲሱን ኮድ ቢያወርዱ) ግን ምንም የለም! ጭራሽ የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ፑሽ ተደርጎ (ወደ ጋራው ሰርቨር ተልኮ) መጣ። በፍላሽ ልላክላቸው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ ሌሎቻችን ኡቡንቱ።

ሐይቅ ዳር፦
አብሽር፣ የስክሪፕቱ ችግር አይደለም። ጊት ዶት ጊት ውስጥ የተቀመጠ ሁክ አያጋራም። ክሎንም (ፕሮጀክቱን መጀመሪያ መቅዳት) ፑልም ይዞት አይሄድም። ደግሞም ደግ አደረገ፤ የማታውቀውን ሰው ፕሮጀክት ባወረድክ ቁጥር ስክሪፕቱ ማሽንህ ላይ ቢሮጥ ወላሂ ጉድ ነበር።

ፍላሹን ተወው። ስክሪፕቱን ባሻሻልክ ቁጥር ኮምቦልቻ ልትወርድ ነው? ፕሮጀክቱ ውስጥ «.ጊትሁክስ» የሚል ፎልደር ክፈት። ስክሪፕቱን «ፕሪ-ኮሚት» ብለህ፣ ያለ ኤክስቴንሽን፣ እዚያ አስገባና ኮሚት አድርገው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ ይህን ይጻፍ (ስሞቹም ትዕዛዙም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)፦

ጊት ኮንፊግ ኮር.ሁክስፓዝ .ጊትሁክስ

ከጊት 2.9 ጀምሮ ይሠራል፤ 2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የድሮው ፎልደር ውስጥ ያሉት ሁኮች እንደማይሠሩ ልብ በል። በኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሃስኪ የሚባለው መሣሪያ ይህን ራሱ ያስተካክልላችኋል።

ቧንቧ ውሃ፦
ትክክል። ግን የዊንዶውሱ ልጅ አዲስ ሁክ ከጨመረ የማስኬጃ ፈቃዱ አብሮ ላይመጣ ይችላል፤ ኡቡንቱ ላይ ጊት ሁኩን ዘሎት ያልፋል። «ጊት አፕዴት-ኢንዴክስ» በሚለው ትዕዛዝ «ቸሞድ» (ፈቃድ መቀየሪያ) ጨምሮ ያስተካክለው። የመስመር መጨረሻውንም በጊትአትሪቢዩትስ ፋይል ኤልኤፍ (ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ዓይነት) አድርጉት፣ አለበለዚያ ስክሪፕቱ ኡቡንቱ ላይ ይሰበራል።

ደግሞ በሁክ ብቻ አትተማመን። መብራት ሊጠፋ ነው ብሎ የቸኮለ ሰው «ኖ-ቬሪፋይ» (አትፈትሽ) ብሎ ያልፈዋል። ያው ፍተሻ ሰርቨሩም ላይ ይደገም።

ፓስወርዱን ቀየራችሁት? ፋይሉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ የድሮው ኮሚት ውስጥ ተቀምጧል።

የጦሳ ልጅ፦
አልሐምዱሊላህ፣ ኮምቦልቻም ሠራ። ፓስወርዱን አሁን እየቀየርን ነው። ኮዳችን ያለው ጊትሃብ ላይ ነው፤ የሰርቨሩን ፍተሻ በአክሽንስ (የጊትሃብ ራስ-ሰር ማስኬጃ) እሞክረዋለሁ።