የጥንቱ ኦሎምፒክ በዓል ነበር ወይስ ውድድር? ለተማሪዎች ገለጻ እርዱኝ

መምህርት ከደሴ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ። በትምህርት ቤታችን የስፖርት ሳምንት መክፈቻ ላይ ስለ ጥንታዊው የግሪክ ኦሎምፒክ የ15 ደቂቃ ገለጻ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ረቂቁን ለስፖርት መምህራችን ባሳየው «ሩጫውን፣ ትግሉንና ቡጢውን ብቻ አስቀሪ፤ የአማልክቱ ነገር ልጆቹን ያደናግራል» አለኝ። እንዳለው ሰርዤ ሳነበው ግን የውጤት ዝርዝር ብቻ ሆኖ ቀረ። ሦስት ነገር ቸግሮኛል። በዓሉና ውድድሩ የሚገናኙት እንዴት ነበር? ሽልማቱ በእርግጥ ቅጠል ብቻ ነው? ጦርነት ይቆም ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ገለጻው ዓርብ ነው።

ብራና
እህቴ፣ የሰረዝሽውን መልሺው። ውድድሩ የሚደረግባት ኦሎምፒያ ከተማ አልነበረችም፤ ኤሊስ የምትባል ግዛት ሰዎች የሚያስተዳድሯት፣ የግሪኮች ዋና አምላክ የዜውስ ቅዱስ ስፍራ ነበረች። የመጀመሪያው ውድድር ተብሎ በልማድ የሚቆጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 የተደረገው ነው፤ በሩጫ ያሸነፈውም ኮሮይቦስ የሚባል የኤሊስ ወጥ ቤት ነበር። እኛ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን አራት አራት ዓመት እንደምንቆጥር ሁሉ እነርሱም ዘመናቸውን በኦሎምፒያድ ይቆጥሩ ነበር።

ገለጻሽን ከሦስተኛው ቀን ጀምሪው። በዓሉ አምስት ቀን በሚፈጅበት ዘመን መካከለኛው ቀን ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ነበር። በዚያ ቀን መቶ በሬዎች ለዜውስ ይታረዳሉ። ጭኑ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፤ የቀረውን ሥጋ ሕዝቡ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግርግር የቅርጫ ቀን ያየ ሰው ይገምተው። መሠዊያው የድንጋይ አልነበረም፤ የመሥዋዕቱ አመድ በአልፌዮስ ወንዝ ውኃ እየተቦካ ሲለጠፍበት ለዘመናት ያደገ ኮረብታ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የጎበኘው ግሪካዊ ተጓዥ ጸሐፊ ጳውሳንያስ ቁመቱን 22 ጫማ ብሎ ጽፏል። ሩጫው፣ ትግሉ፣ የሠረገላው ግልቢያ ሁሉ የተሰለፈው በዚህ ቀን ግራና ቀኝ ነው።

የሩጫ ወዳጅ
ማራቶንንም እንዳትረሺ! ግሪኮች የጀመሩትን እኛ በአበበ ቢቂላ ወርሰነዋል። ችቦውንም ጨምሪበት።

ብራና
ወንድሜ፣ ማራቶን በጥንቱ ኦሎምፒክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1896 አዲሱ ኦሎምፒክ አቴንስ ላይ ሲጀመር የገባ ነው። የጥንቱ ረጅም ሩጫ ዶሊኮስ ይባላል፤ 5 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። አበበ ሮም ላይ በ1960 የሮጠው የጥንት ግሪኮች ሮጠውት የማያውቁትን ርቀት ነው። ከኦሎምፒያ ተነሥቶ የሚመጣው ችቦም የ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ ፈጠራ ነው። የችቦ ሩጫ በአቴንስ በዓላት ላይ ነበረ፤ እርሱ ግን የመሠዊያ እሳት ማቀበያ ሥርዓት ነበር።

የሩጫ ወዳጅ
ተሳስቻለሁ፤ እኔም ለዓመታት ለሰው ሳወራው ነበር።

አቴንስ የምኖር
ባለፈው ዓመት ልጆቼን ይዤ ኦሎምፒያ ሄጄ ነበር። ወደ መሮጫው ሜዳ ስትሄጂ በግራ በኩል ባዶ የሐውልት መቆሚያዎች ተደርድረዋል። በእነዚህ ላይ ቆመው የነበሩት የነሐስ የዜውስ ምስሎች በአጭበርባሪዎች መቀጮ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ388 ኤውፖሎስ የሚባል ቡጢኛ ተጋጣሚዎቹን በገንዘብ ስለ ገዛ የቆሙ ናቸው። ተወዳዳሪው ሁሉ በእነርሱ አጠገብ አልፎ ነው የሚገባው። አስቀድሞም ዜውስ ፊት በከርከሮ ሥጋ ላይ ምሎ፣ አሥር ወር መለማመዱን አረጋግጦ ነበር። ስለዚህ ያጭበረበረ ሰው ዳኛን ብቻ ሳይሆን የማለበትን አምላክ ነው የበደለው።

ሜዳው ወንበር የለውም፤ ሣር የለበሰ ተዳፋት ነው። መነሻው ላይ ሁለት ትይዩ ቦይ የተቀረጸበት የድንጋይ መስመር አለ፤ ሯጩ የእግሩን ጣቶች እዚያ ያስደግፋል። ትንሹ ልጄ ጫማውን አውልቆ ቆመበት። ከዚያ እስከ መጨረሻው 192 ሜትር ነው። እኛ ክረምት በምንለው ወራት እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ያ ሁሉ ሕዝብና ያ ሁሉ የእርድ ደም ሲጨመርበት ዝንቡን አስቢው። «ዝንብ አባራሪው ዜውስ» ተብሎ ለብቻው መሥዋዕት ይቀርብለት ነበር! ተማሪዎችሽ ይህን አይረሱትም።

ጋሽ ጡረተኛ
ልጄ፣ ስለ ሽልማቱ እኔ ልመልስልሽ። ኦሎምፒያ ላይ የወይራ አክሊል ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉንም እናትና አባቱ በሕይወት ያሉለት ልጅ በወርቅ ማጭድ ይቆርጠዋል። በዴልፊ የአፖሎ በዓል የሎረል ቅጠል፣ በኔሜያ የሰሊሪ፣ በቆሮንቶስ አቅራቢያ ለፖሰይዶን በሚደረገው የኢስትሚያ በዓል የጥድ፣ በሌላ ጊዜም የደረቀ ሰሊሪ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለሚጠፋው አክሊል ሲጽፍ አንባቢዎቹ ያን የደረቀ ቅጠል ደጃቸው ላይ ያዩት ነበር።

ግን «ቅጠል ብቻ» ብለሽ እንዳታልፊው። አሸናፊው አገሩ ሲገባ ገንዘቡ ይከተላል። የአቴንስ ሕግ አውጪ የሶሎን ሕግ ለኦሎምፒያ አሸናፊ 500 ድራክማ (የግሪክ የብር ገንዘብ)፣ ለኢስትሚያ አሸናፊ 100 ድራክማ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። አቴንስ ራሷ ለጠባቂ አምላኳ ለአቴና በምታከብረው የፓናቴናያ በዓል ደግሞ ሽልማቱ በጋን የተሞላ የወይራ ዘይት ነበር፤ አንዱ ጋን ወደ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል።

ብራና
ስለ ጦርነቱ፦ የበዓሉ የሰላም ስምምነት «ኤኬኬይሪያ» ይባላል፤ ትርጉሙ እጅን ከጠብ መያዝ ነው። ግሪክ በሙሉ መሣሪያዋን ታስቀምጥ ነበር የሚባለው የተጋነነ ነው። ዋናው ነገር መንገደኛው በሰላም ሄዶ እንዲመለስና የኤሊስ ምድር እንዳይወረር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ420 ስፓርታ ሰላሙን አፍርሳለች ተብላ 2,000 ምና (አንዱ ምና 100 ድራክማ ነው) ተቀጣች፤ አልከፍልም በማለቷም ከበዓሉ ታገደች። ሊካስ የሚባል ስፓርታዊ ግን ሠረገላውን በሌላ የግሪክ ግዛት በቦዮቲያ ስም አስገብቶ አሸነፈ፤ ደስታው አላስችል ብሎት ወጥቶ ነጂውን አክሊል ሲደፋለት ዳኞቹ በአደባባይ አስገረፉት። በ364 ደግሞ በበዓሉ መካከል እዚያው ቅዱስ ስፍራ ውስጥ ውጊያ ተደርጓል።

መምህርት ከደሴ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጳውሎሱን አላሰብኩትም ነበር፤ ይገባል። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ሴቶች ናቸው፤ ለእነርሱ የምነግራቸው አለ?

አቴንስ የምኖር
አለ እንጂ። ያገባች ሴት፣ ከእህል እንስት አምላክ ከዴሜቴር ካህን በቀር፣ በወንዶቹ በዓል ለመመልከት እንኳን አይፈቀድላትም። ነገር ግን በዚያው ሜዳ ለዜውስ ሚስት ለሄራ የሚደረግ የልጃገረዶች ሩጫ ነበር። ርቀቱ ከወንዶቹ በስድስተኛው እጅ ያንሳል። ፀጉራቸውን ለቅቀው፣ ቀኝ ትከሻቸውን ገልጠው ይሮጣሉ፤ ያሸነፈችው የወይራ አክሊልና ለሄራ ከታረደችው ላም ድርሻ ታገኛለች። የስፓርታዋን ልዕልት ኪኒስካንም ጨምሪ፤ በሠረገላ ውድድር ክብሩ የፈረሶቹ ባለቤት ስለሆነ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 እና በ392 ሁለት ጊዜ አሸናፊ ተብላለች።

መምህርት ከደሴ (ጠያቂ)
የመጨረሻ ጥያቄ። ስሙን «ዜውስ» ብዬ ልጻፈው ወይስ እንደ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ድያ»? በሐዋርያት ሥራ የልስጥራን ሰዎች በርናባስን ድያ እንዳሉት አስታውሳለሁ።

ጋሽ ጡረተኛ
ሁለቱም አንድ ነው። ሰሌዳው ላይ ዜውስ ብለሽ ጻፊ፤ ስትናገሪ ግን ድያን አንድ ጊዜ ጥሪላቸው። ከኋላ የተቀመጠው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ቀና ይላል።