አዘዞ፣ ጥቁር አፈር፣ 700 ሺህ ብር፦ ከክረምቱ በፊት መሠረት ይውጣ ወይስ ዕቃ ይገዛ?

የአዘዞዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ 175 ካሬ ሜትር ቦታ አለን፤ የግንባታ ፈቃዱም ወጥቷል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለጊዜው ያሰብነው 5 በ6 ሜትር፣ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ያለን 700 ሺህ ብር ሲሆን የወር ወጪያችን ከነቤት ኪራዩ 15 ሺህ ነው። አሁን የካቲት አጋማሽ ላይ ነን። ሲሚንቶ ዋጋው አይጨበጥም፣ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል። ባለቤቴ ሲሚንቶውን አሁኑኑ ገዝተን እናስቀምጥ ይላል። እኔ መሠረቱ ይውጣ ባይ ነኝ። እናቴ ደግሞ ብሩ ባንክ ይቀመጥ፣ እስከዚያው ሮቶ (የፕላስቲክ የውኃ ታንከር) ተገዝቶ ጓሮው ይልማ ትላለች። የምታውቁ ምከሩን።

ግንበኛው

እህቴ፣ ሲሚንቶ እህል አይደለም፣ ጎተራ አይገባም። ደህና ቦታ ተቀምጦ እንኳ በሦስት ወር ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ክረምት ያገኘው ደግሞ ይጓጉላል። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘ ሲሚንቶ ለቢም አይሆንም። ስለዚህ መጨረሻ የሚገዛው እሱ ነው።

መሠረቱን በተመለከተ ሐሳብዎ ልክ ነው፣ ግን አንድ ቁርጥ ነገር አለው፦ በጥቁር አፈር ላይ የተቆፈረ ቦይ ክረምት ክፍት ሆኖ እንዳያገኘው። ግድግዳው ይናዳል፣ ታችኛው አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በዚያ ላይ የተገነባው ድንጋይ አፈሩ በበጋ ሲደርቅና ሲኮማተር አብሮ ይወርዳል። ቤቱ በሁለተኛው ዓመት በመስኮትና በበር ማዕዘን ሰያፍ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ግሬድ ቢም (በመሠረቱ ግንብ ላይ ፌሮ ገብቶ የሚሞላው የኮንክሪት ማሰሪያ) ድረስ ማድረስ ካልቻሉ ዘንድሮ አይቆፍሩ።

መጠኑን ላስላልዎት። ዙሪያው 22 ሜትር፣ የመካከለኛው ግድግዳ 5 ሜትር፣ በድምሩ 27 ሜትር ቦይ ነው። ጥልቀቱ ከ1.5 ሜትር አይነስ፤ ስንጥቁ ከዚያም በታች ከወረደ ይጨምሩ። ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ (መሙያ አፈር) ይገባል፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተርከፈከፈ እየተጠቀጠቀ። 27 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወደ 10 ሜትር ኪዩብ ይመጣል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 13 ይዘዙ። ገረጋንቲው ደቃቅ አፈርና ጠጠር የተደባለቀበት ይሁን። ጠጠር ብቻ ከሆነ የዙሪያውን ውኃ ሰብስቦ ከመሠረቱ ሥር ያቁረዋል፣ ከማይሞላም ይብሳል።

በላዩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ግንብ 90 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በታች፣ 50 ከመሬት በላይ ይወጣል፤ ወደ 19 ሜትር ኪዩብ ነው። ያልተገነባ ድንጋይ 24 ሜትር ኪዩብ፣ አሸዋ ከቢሙ ጋር 7 ሜትር ኪዩብ ያህል፣ ለቢሙ ደግሞ አንድ ተኩል ሜትር ኪዩብ ጠጠር። ሲሚንቶው በአንድ ለአራት ልውስ (አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ) ለግንቡ 44 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ለግሬድ ቢሙ (20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለሦስት ጠጠር) 12 ከረጢት።

ፌሮው አራት ባለ 12 ሚሊ ሆኖ ስታፋው (አራቱን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት) ባለ 8፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ። ከነመደራረቢያው ባለ 12ቱ 11 ዘንግ፣ ባለ 8ም 11 ዘንግ ይበቃል። መደራረቢያው ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አይገጣጠም።

የዕቃ ሰው

ፌሮ ሲገዙ በሚዛን ይፈትሹ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ዘንግ 10.7 ኪሎ ያህል፣ ባለ 8 ሚሊው 4.7 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት። ባለ 12 ተብሎ 9 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ የቀጠነ ነው፤ በዘንግ ቆጥሮ ሲሸጥ ማንም አያስተውለውም። ርዝመቱንም በሜትር ይለኩ።

አሸዋውን ደግሞ በግልጽ ጠርሙስ ይፈትሹ። ግማሽ አሸዋ፣ በላዩ ትንሽ ጨው የገባበት ውኃ ይጨምሩና ነቅንቀው ሁለት ሦስት ሰዓት ያስቀምጡት። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በላዩ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ታጥቦ ይግባ ወይም ይመለስ።

ሒሳብ ሹም

የእናትዎ ስጋት ተገቢ ነው፣ ግን ሁሉም ብር ባንክ አይቀመጥ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ የግንባታ ዕቃ በዓመት ከዚያ በላይ በሚጨምርበት ጊዜ የተቀመጠው ብር በድንጋይና በፌሮ ሲለካ እያነሰ ይሄዳል።

መጀመሪያ የስድስት ወር ወጪ፣ 90 ሺህ፣ ለይታችሁ አስቀምጡ። በምንም ምክንያት ለግንባታ አይነካም። ከሱ የአንድ ወሩ በእጅ ይሁን፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ባንክም መተግበሪያም አይሠራምና። የቀረው 610 ሺህ ነው።

ዕቃዎቹን በሁለት ክፈሏቸው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ የቧንቧና የመብራት ዕቃ ዋጋቸው ምንዛሪውን ይከተላል፤ ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ ነው የሚመጣው። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ገረጋንቲና እንጨት ግን የሚከተሉት የጭነትና የጉልበት ዋጋን ነው፣ መንገዱንም። በመጀመሪያው ወር ድንጋይና ገረጋንቲ ግቢ ይግቡ። ሰኔ ከገባ በጥቁር አፈር ላይ ጭነት መኪና ስለማይደርስ ከአስፋልቱ ማዶ አውርዶ በሰው ማሸከም ይመጣል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሆናል። ቀጥሎ ፌሮ። ቆርቆሮው ሦስተኛ ነው፤ ብሩ ከተረፈ ብቻ።

ግንበኛው የጻፈውን መጠን ይዛችሁ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ የእጅ ዋጋውን ደምሩ፣ በላዩ 15 በመቶ ጨምሩ። ድምሩ ከ610 ሺው ግማሽ ካለፈ ግድግዳውን በብሎኬት ማሰብ ይተው። ዕቁብ ገብታችሁ ልትሞሉት ካሰባችሁ ቀድሞ ዕጣ ማግኘት ጥቅም አለው፤ መጨረሻ የሚወጣ ዕጣ በሚጨምር ገበያ ያነሰ ዕቃ ነው የሚገዛው። ገቢያችሁ ቋሚ ካልሆነ ግን ዘንድሮ አትግቡ።

የአዘዞዋ

እግዜር ይስጥልን። ባለቤቴ ብሎኬቱን መተው አልወደደም። ከብሎኬት ይልቅ ጭቃ ቤት መሥራት ብር ማባከን አይሆንም ወይ? ደግሞስ ከተቆፈረ በኋላ ሲሚንቶ ከገበያ ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

አናጢው

በጥቁር አፈር ላይ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት የተሻለ ይታገሳል። አፈሩ ከፍ ዝቅ ሲል እንጨቱ ይተጣጠፋል፤ ምርጊቱ ቢሰነጠቅ በአንድ ቀን ይጠገናል። ብሎኬት ግን ከሥሩ አንድ ጣት ከወረደ ይሰነጠቃል፣ ጥገናውም ቀላል አይደለም። የድንጋዩ ግንብ 50 ሳንቲ ሜትር ከመሬት ስለሚወጣ የግድግዳው እግር ውኃም ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም፤ አቅም ሲመጣ በዚያው ግሬድ ቢም ላይ ብሎኬት መገንባት ይቻላል። ስለዚህ የባከነ አይደለም።

ባህር ዛፉ አሁን ተቆርጦ ይላጥ፣ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። እርጥቡ ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። ቋሚው በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይቁም፣ ታችኛው ጫፉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሁለት ሳምንት ያህል፣ በየሦስት አራት ቀኑ እየተገለበጠና እየተረገጠ፣ ይብላላ። ንጹሕ ጥቁር አፈር ለምርጊት አይሆንም፣ ሲደርቅ ይላቀቃል፤ ቀይ አፈር ያስመጡ።

ቆርቆሮ ቀድመው ከገዙ አጋድመው በላስቲክ አይሸፍኑት። በመካከሉ የገባ እርጥበት ነጭ ዝገት ያወጣበታል። በእንጨት ላይ ዘንበል አድርገው ያቁሙት፣ ነፋስ ይግባው። የቆርቆሮ ቁጥር ሲያንስ ይወፍራል፤ ባለ 32ቱ ቢረክስም በምስማሩ ዙሪያ ቶሎ ይቀደዳል፣ ባለ 28 ወይም ባለ 30 ይፈልጉ።

ግንበኛው

ለሲሚንቶው ጥያቄ፦ 56ቱ ከረጢት ግቢ ሳይገባ አካፋ አይነሳ። ቅደም ተከተሉ ድንጋይ፣ ገረጋንቲ፣ አሸዋ፣ ፌሮ፣ ከዚያ ሲሚንቶና ቁፋሮ በአንድ ሳምንት ነው። ቁፋሮው 24 ሜትር ኪዩብ ነው፣ አራት ሰው በአንድ ሳምንት ያደርሰዋል። ግንቡ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ቢሙ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን። ለዚህ የሚሆን ውኃ ቀድማችሁ በበርሜል አጠራቅሙ፤ ቧንቧው በፈረቃ ነው።

ሲሚንቶው ለእነዚያ ሳምንታት ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከአሥር ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይቀመጥ።

ክፍያውን በደረጃ ያድርጉት። የእጅ ዋጋ ብቻ ይዋዋሉ፣ ዕቃ እናንተ ግዙ። ቁፋሮና ገረጋንቲ ሲያልቅ 30 በመቶ፣ ግንቡ ሲያልቅ 40፣ ቢሙ ሲሞላ 20፤ የቀረው 10 ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ይከፈል። በጽሑፍ፣ ሁለት ምስክር ባለበት።

ጓሮ አልሚ

እናትዎ ያሉትን ሮቶ ሒሳብ ላድርግበት። ጣሪያው ከነክፈፉ 42 ካሬ ሜትር ቢሆን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 42 ሊትር ነው፤ አንድ አምስተኛው ይባክናል። የጎንደር ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ ከ33 ሺህ ሊትር በላይ ይወርዳል፣ ግን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 5,000 ሊትር ታንከር ሞልቶ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቢከፋፈል በቀን 20 ሊትር ይሰጣል። ያ ለመጠጥና ለወጥ ይበቃል፤ ለጓሮ ግን አራት አምስት ካሬ ሜትር ብቻ ያጠጣል። ጣሪያና አሸንዳ ሳይኖር ደግሞ ሮቶው ባዶ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አይገዛ። ሲገዛም አምስት ቶን እንደሚከብድና የሚያፈስ ቧንቧ ከመሠረቱ አጠገብ እንደማይፈለግ አስቡ፤ ትርፍ ውኃው በቦይ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ ይውጣ።

ጓሮው ግን ከቁፋሮው ቀን ይጀምራል። የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ለብቻው ይከምሩት፣ ለመደብ የሚሆነው እሱ ነው። ከዚያ በታች የወጣው ዝም ብሎ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ጓሮ ላይ ከተበተነ ሁለት ሦስት ዓመት ያስቸግራል። መደቡ አንድ ሜትር ስፋት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር የውኃ መውረጃ ይኑረው። ከመሠረቱ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ በአንድ ወገን ሁልጊዜ የሚጠጣ አፈር ቤቱን ወደ አንድ ጎን ያነሳዋል። በዚሁ ምክንያት ባህር ዛፍ ቤት አጠገብ አይተከል፣ ቁመቱን ያህል ይራቅ።

በሰኔ የሚሆነው ድንች፣ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ነው። ድንች በረድፍ መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፤ ለ20 ካሬ ሜትር ወደ 90 የእንቁላል መጠን ያለው ዘር፣ አራት ኪሎ ተኩል ያህል። በለጠ ወይም ጉደኔ የተባለው ዝርያ ከተገኘ ይመረጥ፣ የክረምቱን ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ በመቋቋም ከአካባቢው ዘር ይሻላሉ። ቲማቲም በክረምት አትድከሙበት። ነጭ ሽንኩርት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ መደቡ ሳይደርቅ ይግባ።

የአዘዞዋ

ነገ ዋጋውን እንጠይቃለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ድንጋዩ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባይገባስ?

ግንበኛው

እንግዲያው ቁፋሮው ለጥቅምት ይተላለፍ። ፌሮውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ስስ ዝገት አይጎዳውም፣ የሚላጥ ዝገት ግን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈግ። ሲሚንቶ አትግዙ። ድንጋዩ በክረምት ቢመጣም ግቢው ዳር፣ ለቦይ ከተተከለው ችካል ሁለት ሜትር ርቆ ይራገፍ። ፈቃዳችሁ የተሰጠበትን ቀንና የሚያበቃበትን አሁኑኑ ተመልከቱ፤ ከጥቅምት በፊት የሚያበቃ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ፈቃዱን ወደ ሰጣችሁ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ እድሳት ጠይቁ።