ጮቄን ከመኪና መንገዱ ወጥቶ በእግር፣ ጥቅምት ላይ እንደት ነው?

ጉዞ_ወዳዱ
ሰላም እንደት ናችሁ ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጮቄ ተራራን በእግር ልንወጣ አስበናል። እስካሁን ያየሁት ሰው ሁሉ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ በመኪና ይወጣና መንገዱ ዳር ካለው ጅብራ (ረጅሙ የደጋ ተክል) ስር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኛ ግን ከመኪናው ወርደን ሸንተረር ሸንተረሩን ሄደን፣ አንድ ሌሊት እዛው አድረን፣ በማግስቱ ከተራራው ማዶ ባለችው በድጎ ጽዮን ከተማ በኩል መውረድ ነው ያሰብነው። ችግሩ እንደ ሰሜን ተራሮች ካምፕ፣ ስካውት፣ ምልክት ምናምን የሚባል ነገር የለም። አንድ ልጅ ሚያዝያ ላይ ሲሄድ በስልኩ የቀዳውን የጂፒኤስ ትራክ ሰጥቶኛል፣ እሱን ተከትሎ መሄድ ያዋጣል ወይስ ሰው መያዝ ግድ ነው? ከመካከላችን አንዷ ደግሞ ከባህር ዳር ወጥታ ተራራ የሚባል ረግጣ አታውቅም። ብርዱስ እንደት ነው?

ሻይ_በዳቦ
ወንድሜ መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራ። ዛሬ ክፍት የነበረው ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ደግሞ እውነቱን የምታገኘው ማርቆስ መናኸሪያ ገብተህ ከሾፌሮቹ እንጂ ከፌስቡክ አይደለም። እነሱ ዘንድሮ ይቅርባችሁ ካሉ ይቅርባችሁ። ከዛ ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩህ።

የሲናን_ልጅ
እኔ እዛው በግ እየጠበቅሁ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ላርዝመው ነው ታገሱኝ።

ትራኩን በተመለከተ፣ ሚያዝያ ላይ መሬቱ ባዶ ነው፣ ሰውም ከብቱም ማሳ ለማሳ እንዳሻው ያቋርጣል፣ ያ ልጅ የቀዳው ያንን ነው። ክረምት ሲገባ ያ መንገድ ይታረሳል። ጥቅምት ላይ ገብሱም እንግዶውም (አጃው) ገና ቆሞ ነው፣ ስልክህ ቀጥ በል ሲልህ የሰው ሰብል መሀል ትገኝና ባለቤቱ ዱላውን ይዞ ይመጣል፣ ደግሞ እውነት አለው። ማሳ ካጋጠመህ በድንበሩ ዙር፣ ሃያ ደቂቃም ይፍጅ። ትራኩን አጥፋው አላልሁህም፣ የት አካባቢ እንዳለህ ለማወቅ ይጠቅምሃል፣ እግርህን የት እንደምታሳርፍ ግን አይነግርህም።

ሌላው ደግሞ ጮቄ ላይ መንገድ የለም አትበል። መንገድማ ሞልቷል፣ ነገር ግን አንዱም ጫፍ ለመውጣት ተብሎ የወጣ አይደለም፣ ገበሬ ጫፍ ላይ ምን ሊሰራ ይወጣል? ሁሉም መንገድ የራሱ ጉዳይ አለው፣ ጉዳዩን ካወቅህ ወዴት እንደሚወስድህ ታውቃለህ። ሰፋ ብሎ ፋንድያ የበዛበት፣ ዳገቱን እየጠመዘዘ የሚወጣው የገበያ መንገድ ነው፣ የተጫነ አህያ ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። እሱን ከያዝህ ቢረዝምብህም መጨረሻው ከተማ ነው። በጠጥ የሞላበት ቀጭኑ የበግ መንገድ ነው፣ ሲጀምር በጣም ደስ ይላል፣ ጓሳው (የደጋው ሳር) ላይ ሲደርስ ግን አምስት ስድስት ቦታ ይበተንና ድራሹ ይጠፋል፣ ብዙ እንግዳ የሚጠፋው እዛ ላይ ነው። ከሰፈር ተነስቶ ቁልቁል ወደ ሸለቆ የሚወርደው የውሃ መንገድ ነው፣ ምንጩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ወደ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) የሚገባው የእንጨት ለቃሚ ነው፣ ጉቶው ጋ ያበቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብቻ ክረምት ከበጋ አይጠፋም፣ ደብሩ ደግሞ ከሩቅ በዛፉ ይለያል።

ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ አይተህ አትዝናና። ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ሲቃረብ ጉሙ ከታች ተነስቶ ይመጣና አጠገብህ ያለው ሰው እንኳን አይታይህም። ጉም ከመጣ ቁጭ በል። ዝም ብለህ ቁጭ። ጋቢህን ተከናነብና ጠብቅ፣ ያልፋል። ስትወጣ ደግሞ በየመሀሉ ዞር እያልህ ወደ ኋላ እይ፣ ስትመለስ የምታየው ተራራ ስትሄድ ያየኸውን አይመስልም።

ጉዞ_ወዳዱ
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ የፋንድያና የበጠጥ ነገር በህይወቴ አስቤው አላውቅም 😄 እሺ ድንገት መንገዱ ቢጠፋብን ወንዝ ይዘን ብንወርድስ? ወንዝ መቼም ሰው ጋ ያደርሳል ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ መንገድ ስንጠይቅ ሰዎቹ ትክክለኛውን ይነግሩናል?

ነርሷ_ከማርቆስ
እኔ ስለ ጤናው ልናገር። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ነው፣ ጮቄ ጫፉ ከ4000 በላይ ነው። በአንድ ቀን ከዛ ተነስታችሁ እዛ አናት ላይ ልታድሩ ከሆነ እራስ ምታትና ማስመለስ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ጎበዝ ስፖርተኛ ነኝ ማለት እዚህ ላይ አይሰራም። ማርቆስ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ቢቻል ሮብ ገበያም አንድ ሌሊት ጨምሩ፣ ቀን ከፍ ብላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ተኙ። እራስ ምታት ብቻ ከሆነ አረፍ ማለትና ውሃ መጠጣት ነው፣ ከዛ በላይ አለመውጣት። ሰውየው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመረ ወይ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገ እናያለን የሚባል ነገር የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ደግፋችሁ ታወርዱታላችሁ። አዲሷን ልጅ መሀል አድርጓት፣ ፍጥነቱን እሷ ትወስን።

ብርዱ፣ ጫፉ ከማርቆስ በግምት አስር ዲግሪ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አስቡ፣ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ። ጂንስ አታድርጉ፣ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ጋቢ ጥሩ ነው ግን ከላዩ ንፋስ የማያስገባ ነገር ያስፈልጋል። የምንጭ ውሃ ንጹህ ቢመስልም ከላዩ በግ አለ፣ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) ጨምሩበት ወይ አፍሉት። ከፍታው ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ምስር ምናምን ልቀቅል ብላችሁ ጋዝ አትጨርሱ፣ በሶና ቆሎ ያዙ ተገላገሉ። ደግሞ ጊዜው ጽጌ ስለሆነ የሚጾሙ ቤቶች ይኖራሉ፣ ወተት ካልቀረበላችሁ አትቀየሙ 😊

የሲናን_ልጅ
ነርሷ ያለችውን ሁሉ ያዝ።

ወንዙን ግን በፍጹም! ጮቄ እኮ ወንዙ ወደ አንድ ቦታ አይሄድም። ጨሞጋና ጀደብ ወደ ማርቆስ በኩል ይወርዳሉ፣ ሙጋና ሱሃ በምሥራቅ በኩል፣ ጠምጫ ደግሞ በምዕራብ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አባይ ይገባል፣ አባይ ራሱ ጎጃምን ከቦት ነው የሚሄደው። አናቱ ላይ ምንጫቸው ተቀራርቦ ታገኘዋለህ፣ በጉም ውስጥ አንዱን ሸለቆ በሌላው ከተሳሳትህ ሌላ ወረዳ ነው የምትወጣው፣ መኪና ለማግኘት ደግሞ የቀን መንገድ ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ወንዙ እየጠለቀ ሄዶ ገደል ላይ ያቆምሃል፣ መውጣትም መውረድም ያቅትሃል። ከጠፋብህ ሸንተረር ያዝ፣ ቤት ወይ ጭስ እስክታይ።

ሰዎቹ ይነግሩናል ወይ ላልኸው፣ አጠያየቅህ ነው የሚወስነው። «በዚህ ነው?» ብለህ በጣትህ ከጠቆምህ ብዙው ሰው አዎ ነው የሚልህ፣ እንግዳን አይሆንም ማለት ነውር ስለሆነበት። «አያ ደህና ዋሉ፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ሰብሉ እንደት ነው» በል፣ ሰላምታውን ጨርስ፣ ከዛ «ወደ ድጎ ጽዮን የቱ ይሻላል?» በልና ዝም በል። እሱ ራሱ በዱላው ያሳይሃል። ቅርብ ነች ካለህ አትመን፣ ለሱ ቅርብ ነች። «አሁን ብነሳ ሳይጨልም እደርሳለሁ?» ብለህ ጠይቀው፣ እሱን በትክክል ይነግርሃል፣ ካልደረስህ ደግሞ እዚሁ እደር ይልሃል።

ሰው መያዝ ግድ ነው ወይ ላልኸው፣ በኔ እምነት አዎ፣ በተለይ ሸንተረሩ ላይ ልታድሩ ከሆነ። መንገድ ለማሳየት ብቻ አይደለም፣ ሶስት የማይታወቁ ሰዎች ድንኳን ተክለው ቢያድሩ ሰፈሩ ማን ናቸው ማለቱ አይቀርም፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ሮብ ገበያ ስትደርሱ ቀበሌ ሄዳችሁ ማን እንደሆናችሁና የት እንደምታድሩ ተናገሩ፣ ሰው ስጡን በሉ፣ ሂሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ የምሳውንም ጭምር። እረኛ ልጅ ከበጎቹ ነጥላችሁ አትውሰዱ፣ በግ ቢጠፋ የሚገረፈው እሱ ነው።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ፣ ባለቤቱን ጥሩ። እሳት ጓሳውና አስታው አጠገብ አታንድዱ። ጅብራውን ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ አትስበሩ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው።

ቋሪቴው
ሁላችሁም ጮቄ ጮቄ ትላላችሁ፣ የምዕራብ ጎጃም ቁንጮ አመዳሚት ተራራ እዚህ ቁጭ ብሎ ማንም ስሙን አያነሳ! ጮቄ ቢያንስ መሀሉን መኪና ያቋርጠዋል። እውነተኛ ያልተነካ ከፈለጋችሁ ወደኛ ኑ፣ ገብስ ጠላም አለ።

የሲናን_ልጅ
@ቋሪቴው ለዛች ለአዲሷ ልጅ ብለን ነው ባክህ፣ የመኪና መንገድ ቅርብ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፋት የለውም። ደህና ከተመለሱ ለአንተ እንልካቸዋለን 😂

ጉዞ_ወዳዱ
ተመካክረናል፣ ሸንተረሩ ላይ ማደሩን ትተነዋል። ማርቆስ አንድ፣ ሮብ ገበያ አንድ ሌሊት እናድርና ሰው ይዘን ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተን ደርሰን እንመለሳለን። ድጎ ጽዮን በሌላ ጊዜ። @የሲናን_ልጅ ለሚሄድልን ሰው ከገንዘቡ ሌላ ምን ይዘን ብንሄድ ደስ ይለዋል?

የሲናን_ልጅ
ቡናና ስኳር። ለቤቱ ስጡት እንጂ በእጁ አትስጡት፣ ባለቤቱ ትቀበላችሁ፣ ከዛ ሳትጠጡ አትለቃችሁምና ለሱም ሰዓት ያዙ።